ትርፍ ጎማ

በፓይን ብላፍ፣ አርካንሳስ፣ ከወረቀት ፋብሪካው ጀርባ፣
ነፋሱ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይዞ በየቤቱ ሲገባ፣
አርባ ዓመቴ ነው፣ ከመፍቻው ጋር፣ ከሙጫው፤
ክሊቮን ጌይንስ ስሜ፣ ለደከመ ጎማ ትንፋሽ ሰጪው።

አትላንታ እንግዳ በተቀበለችበት፣ በዚያ በኦሎምፒኩ ሐምሌ፣
ሁለት ልጆች ኋላ ክፍሌን ጠየቁኝ፤ እሺ ማለት ነው አመሌ።
ዴምፕሲ ረዥም፤ ቃሉ ከማንኪያ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ማር፣
ጃርቪስ አጭር፤ የጋለ ዘይት ላይ እንደ ወደቀ ጠብታ፣ ሲጀምር።
ኪራዩ በሳምንት አንድ ሰሃን የተጠበሰ አምባዛ፣
የዴምፕሲ እናት፣ ሚስ ኦዜላ፣ ትመጣለች ትኩሱን ይዛ።

የእንቁላል ካርቶን ሰብስበው ግድግዳዬ ላይ ለጠፉ፣
ሌሊት ሌሊት ጻፉ፣ ቀደዱ፣ እንደገና ጻፉ።
ማይክሮፎኑን ከመጥረጊያ እጀታ ጋር አስረው ገተሩት፣
ምራቅ እንዳይረጨው በሚስቴ ናይሎን ካልሲ ሸፈኑት።
ስለ ምን ነበር? ከረሜላ ስለሚመስል የመኪና ቀለም፣
ከእስር ቤት ስለሚደወል ስልክ፣ ማንሳት ስለሚያሳምም።
ስድብም ነበረበት፣ አልዋሽም፤ ጆሮዬን ያዞርኩበት አለ፤
መፍቻዬን አየር ላይ ይዤ ያስቀረኝም ቃል አለ።

ኮምፕሬሰሬ ቧንቧው ተሰንጥቆ ቀን ከሌሊት ያፈሳል፣
"ስስስ" ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና "ስስስ" ይላል።
"ሚስተር ክሊቮን፣ እባክህ አጥፋው!" ይጮሃል ጃርቪስ ከውስጥ፤
"ደንበኛ ቆሟል! ዜማ አይደል የመብራት የሚሰጥ!"
አንድ ሌሊት ግን ሳላጠፋው ተኛሁ።
እነሱ ቀዱ። ከሦስተኛው ዘፈን በፊት እኔ ገባሁ።

አልበሙን "ትርፍ ጎማ" አሉት። እሁድ፣ ፓስተሩን እየፈሩ፣
ከመኪናቸው የኋላ ኮፈን ሸጡ፣ ሳንቲም ሳይቀር እየቆጠሩ።
ሜምፊስ ሰማች፣ ሂዩስተን ሰማች፣ ጃክሰን ደገመች፣
አንዲት የነዳጅ ማደያ ሴት ብቻዋን ሦስት መቶ ሸጠች።
ከዚያ ከሰሜን ሰዎች መጡ፣ ሸሚዛቸው ከውሉ ወረቀት የነጣ፤
"ሚሊዮን" የሚባል ቃል ሰፈራችን እንደ ጎርፍ ሳይጠራ መጣ።

ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፣ ከማላውቀው ልጅ መኪና መስኮት፣
መጀመሪያ "ስስስ"፣ ከዚያ ከበሮው፤ የኔ ቧንቧ፣ የኔ ክፍተት።
አንድ የኒውዮርክ ጋዜጠኛ "የረግረጉ እባብ ነው" ብሎ ጻፈ፤
ሌላው "የሙታን አያቶች እስትንፋስ" ብሎ አንድ ገጽ አሳለፈ።
መነጽሬን አድርጌ ሁለቴ አነበብኩ። ሳቅ አፈነኝ።
ቧንቧው አራት ዶላር ከሃምሳ ነው፤ ስንፍና ነው ያላስገዛኝ።

ከሽፋኑ ጀርባ፣ በጉንዳን ፊደል፣ ረዥም ምስጋና አለ፦
ለእግዚአብሔር፣ ለእናቶች፣ ለጠበቃው፣ ለጠበቃው ሚስት።
እኔ የለሁም። አልከፋኝም።
ኧረ ከፋኝ፣ ትንሽ። ትርፉ ሄደ፤
ጎማው ነው እዚህ የቀረው።

ምን እንዳጣላቸው አላውቅም። አንዱ ገንዘብ ይላል፣ ሌላው ሴት፤
እኔ ግን ስም ይመስለኛል፣ ማን ይቅደም የተባለ ለት።
ዴምፕሲ በጥቅምት መጣ፣ ፕላቲነሙን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፤
"እናቴ ቤት አቧራ ይበዛል" አለ፣ አቧራዬን አይቶ፣ ሰቅሎ።
ጃርቪስ በኅዳር መጣ፣ የራሱን በብብቱ ይዞ፤
የጓደኛውን ግድግዳ ላይ አየ፤ ቆመ፣ እንደ ሐውልት ፈዞ።
ሚስማር ጠየቀኝ። ሰጠሁት።
መዶሻውን ራሱ አነሳ።
አሁን ጎን ለጎን ናቸው፣ ከጎማ ድርጅቱ ካላንደር በታች፣
አንዱ ትንሽ ዘመም ብሎ።

ሊወጣ ሲል ኮምፕሬሰሩ "ስስስ" አለ።
"እስካሁን አላሠራኸውም?"
"አላሠራሁትም።"
ሁለተኛው እስኪመጣ ጠበቀ፤ ከዚያ በጣቱ በሩን መታ፣
አንዴ፣ ልክ ከበሮው በሚገባበት ቦታ።

ሄደ። ደንበኛ ነበረኝ፤
የኋላ ግራ ጎማ፣ ሚስማር የወጋው።